የቶርኖ ቤቷ ልጅ

ሙባሪክ ከዚያ ቀን በፊት ሴት ልጅ ፊት ቆሞ ምላሱ የተሳሰረበት ጊዜ ትዝ አይለውም። ሹፌር ነው። ሚኒባሱን ከቡታጅራ በአረቅጥ ተራራ አድርጎ ወልቂጤ ሲያደርስ ተሳፋሪውን ሁሉ በጨዋታ የሚይዝ፣ ለቀልድ የማያንስ ልጅ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ቡታጅራ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ፣ በጃኬቱ የጠቀለለውን የእንጨት ማሰሮ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ መግባት አቅቶት ቆሟል።

ከውስጥ የቶርኖ ማሽን ይጮኻል።

«አሰላሙ አለይኩም!» አለ ጮክ ብሎ።

ማሽኑ ጸጥ አለ። ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ቅንድቧ ሳይቀር በእንጨት ብናኝ የነጣ ልጅ ብቅ አለች።

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ልታዘዝ?»

«ባለሙያውን ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ነገር?»

«ለራሱ ነው የምነግረው… ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል።»

ልጅቷ የዓይን መከላከያ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገች። «ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ንገረኝ።»

ሙባሪክ ቀና ብሎ አያት። ለወራት ወልቂጤ ሰፍያ ለምትባል ባለሱቅ የሚያደርሳቸውን ካርቶኖች መናኸሪያ ድረስ አምጥተው የሚያስረክቡት ጋሽ ከማሉ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዕቃውንም የሚሠሩት እሳቸው ይመስሉት ነበር።

«ጋሽ ከማሉስ?»

«አባቴ ነው። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ይልከዋል። ባሂራ እባላለሁ። አሁን ያንን ጃኬት ትፈታልኛለህ ወይስ የታቀፍከው ነገር ይበርደዋል?»

ጃኬቱን ፈታው። ውስጡ ሆዱ ሰፋ፣ አንገቱ ጠበብ ያለ የወይራ ማሰሮ አለ።

«ወላሂ ሳላውቅ ነው የሰበርኩት» አለ ሙባሪክ ባንድ ትንፋሽ። «ኮረኮንቹ ላይ ካርቶኑ ከወንበር ወደቀ። ወልቂጤ ደርሼ ስከፍተው ከአፉ እስከ ሆዱ ተሰንጥቋል። እንዲህ ሆኖ ለሰፍያ ሱቅ እንዴት ልስጠው? ግን አይዞሽ፣ አስጠግኜዋለሁ! አናጺ ጓደኛ አለኝ። በኮላና በሰጋቱራ ደፍኖ ቀለም ቀባልኝ። እይው፣ ምንም አያስታውቅም!»

ባሂራ ማሰሮውን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው። ጣቷን በተደፈነው ቦታ ላይ አሳለፈች። ደግማ አዞረችው።

«ይሄ ስንጥቅ እኮ ያንተ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

«እንዴት?»

«ወይራ ሲደርቅ ራሱ የሚያወጣው ስንጥቅ ነው። እኔ ደግሞ ዳርና ዳሩን በስቼ በሽቦ እጠልፈዋለሁ። የሰፍያ ደንበኛ ማሰሮውን አይታ የመዳብ ወይም የነሐስ ሽቦ እንድትመርጥ ብዬ ነበር ሳልጠልፈው የላክሁት። አንተ…» ከንፈሯን ነከሰች። «አንተ ደፈንክልኝ!»

ሙባሪክ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ባሂራ ግን ፊቱን ስታየው አልቻለችም። ሳቋ ፈነዳ። ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ በብናኙ ላይ መስመር እየሠራ ሳቀች። እሱም መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ፣ ከዚያ አብሯት ሳቀ።

«ቀለም ደግሞ ቀባኸው…!»

«ሁለት ጊዜ ነው ያስቀባሁት» አለ ሙባሪክ።

ሳቁ እንደገና ጀመረ።

ሲበርድላት ቀጭን ቢላዋ አቀበለችው። «ያስደፈንከውን ራስህ ታወጣዋለህ። እንጨቱን እንዳትነካ፣ ኮላውን ብቻ።»

እንዲህ ነበር የተዋወቁት።

ኮላው ቶሎ የሚለቅ አልነበረም። ሙባሪክ ቡታጅራ ባደረ ቁጥር፣ መኪናው ተራ እስኪደርሰው፣ ቶርኖ ቤቱ እየመጣ ይፍቃል። እጁ ይፈቀፍቃል፣ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው።

ባሂራ ስትሠራ ማየት ሌላ ነገር ነው። ግንዱን ማሽኑ ላይ ታስረዋለች፣ ሞተሩን ታስነሳለች። ግንዱ ሲሽከረከር መሮዋን በክንዷ ደግፋ ጠጋ ታደርጋለች። ያን ጊዜ ፍቅፋቂው እንደ ረጅም ሪባን እየተጠቀለለ ትከሻዋ ላይ፣ ሻሿ ላይ፣ እግሯ ሥር ይወርዳል። ጎርባጣው ግንድ በዓይን ፊት ሆድ ያወጣል፣ አንገት ያወጣል። ዓይኗን ገርበብ አድርጋ በጆሮዋ ነው የምትሠራ የሚመስለው። እንጨቱ የተለየ ድምፅ ካሰማ ወዲያው ታቆማለች።

«ምን ነገረሽ?» ይላታል።

«እዚህ ጋ ስንጥቅ አለኝ፣ ቀስ በይ አለኝ።»

ሌላው እንጨት ሠራተኛ ስንጥቅ ሲያገኝ ግንዱን ለማገዶ ይጥለዋል። እሷ ደስ ይላታል። በትራፓኖ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ቀዳዳ ታበጃለች፤ ከተቃጠለ ዲናሞ የፈታችውን የመዳብ ሽቦ በፒንሳ እየሳበች፣ እያቆላለፈች፣ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ታሳምረዋለች። አንዱ እንደ እሾሃማ ቅርንጫፍ፣ አንዱ እንደ ሹሩባ ይወጣል። ሁለት የሚመሳሰል የለም።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አላት አንድ ቀን።

«እንጨቱን አባቴ ነው ያስተማረኝ። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ማሽኑን ሊሸጠው ነበር። እኔ ልሞክረው አልኩ። ሰዉ ‹ሴት ልጅ ቶርኖ ላይ?› ብሎ ሳቀብን። ሽቦውን ግን ማንም አላስተማረኝም። አንድ ትልቅ ግንድ ላይ ለፍቼ ለፍቼ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀብኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ… ልጥለው አሳዘነኝ። ሰፋሁት።»

ሙባሪክ የሽቦውን ጥልፍ በጣቱ ዳሰሰው። ሰው በእጁ ይህን ያህል ነገር እንደሚያውቅ አስቦት አያውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ከሱ ጋር ቁጭ ብላ ማውራቷ ራሱ ይገርመው ጀመር።

«እኔም ልጠይቅህ?» አለች። «ያንን ማሰሮ ደፍነኸው ስታበቃ ዝም ብለህ ለሰፍያ ብትሰጣት ማንም አያውቅብህም ነበር። ለምን መጣህ?»

«እንጃ። ውሸት አይሆንልኝም።»

ባሂራ መልሱን ወደደችው። ፊቷ ላይ ታየ።

ኮላው አለቀ፤ ማሰሮው መዳቡን ለብሶ ወልቂጤ ሄደ። ሙባሪክ ግን መምጣቱን አልተወም። አሁን ሰበብ እንኳ አልነበረውም።

«ባሂራ፣ አንድ ነገር ሆኛለሁ» አላት አንድ ማለዳ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«ምን ሆንክ?»

«አረቅጥ ላይ ጉም መንገዱን ሲያለብሰው ‹ይሄን ለባሂራ እነግራታለሁ› እላለሁ። ተሳፋሪ ሲያስቀኝ ‹ለባሂራ እነግራታለሁ› እላለሁ። ጎማ ሲፈነዳብኝ እንኳ… ይሄ ምን ይባላል?»

«ወሬኛ መሆን ይባላል» አለች፣ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዙራ።

«ባሂራ… እየቀለድኩ አይደለም።»

መሮዋን አስቀመጠች። ከዚያ ሳትዞር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እኔም አንተ በምትመጣበት ቀን ማሽኑን ቶሎ ቶሎ አጠፋለሁ» አለች። «የመኪናህ ድምፅ እንዳያመልጠኝ።»

የዚያን ቀን ሙባሪክ ያንን ተራራ እንዴት እንደወጣው አያውቅም። መኪናው ራሷ በክንፍ የወጣች መሰለው!

ነገሩ የተበላሸው ደስታው ሲበዛበት ነው።

አረቅጥ የምትኖረው እናቱ ከድጄ ብቻዋን ያሳደገችው አንድ ልጇ ነው። እሱም እንደ አገሩ «አዶት» ነው የሚላት። አንድ እሑድ ቤት ገብቶ፣ «አዶት፣ የምወዳት ልጅ አለች» አላት። እናቱ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«የማን ልጅ ናት? ሥራዋስ?»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ግን አጎቱ ሸረፋ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አባቱ ከሞቱ ወዲህ በቤቱ ነገር ሁሉ የሚናገረው ሸረፋ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ከእንጨት ሠራተኛ ቤት ሴት ማግባት፣ ከነሱ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ፣ ከጥንት ጀምሮ እንደ ነውር ሲቆጠር የኖረ ነገር ነው። ወጣቱ ይስቅበታል፤ ሽማግሌው ግን አልተወውም።

«ነጋዴ ናት» አለ ሙባሪክ። «ዕቃ ነው የምትነግደው። እስከ ወልቂጤ ትልካለች።»

ሙሉ ውሸት አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና። ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ አለ።

ብዙም ሳይቆይ እናቱ ዓይኗን ለሐኪም ልታሳይ ከሱ ጋር ቡታጅራ ወረደች። መናኸሪያው ውስጥ ደግፎ ሲያወርዳት ባሂራ ካርቶን ተሸክማ ስትመጣ አያት። አባቷን አሟቸው ስለነበር ራሷ ነበረች የመጣችው። ከነሥራ ልብሷ፣ ከነብናኟ ነበረች። ሙባሪክ ልቡ ስንጥቅ አለ።

«ይቺ ናት?» አለች እናቱ ዓይኑን ተከትላ። ፊቷ በራ። እጇን ዘረጋች። «ነጋዴዋ ልጅ! ነይ እስኪ የኔ ልጅ፣ ሙባሪክ ነግሮኛል። ንግድ እንዴት ነው?»

ባሂራ ካርቶኑን አስቀመጠች። የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ሙባሪክን ግን ነው ያየችው። አስተያየቷ ጥያቄ ነበር። እሱ አንገቱን ደፋ።

«እናቴ፣ ነጋዴ አይደለሁም» አለች በእርጋታ። «እንጨት ነው የምሠራው። አባቴም፣ አያቴም እንጨት ሠራተኛ ናቸው።»

የከድጄ እጅ ቀስ ብሎ ከባሂራ እጅ ወጣ። እንደሚንሸራተት ነገር፣ ሳታስበው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች።

ባሂራ ካርቶኑን መልሳ አነሳች። ሙባሪክ ተከተላት።

«ባሂራ! ቆዪ… ላስረዳሽ። አጎቴ ነበር፣ ቀስ ብዬ ልነግራቸው…»

«የእናትህ እጅ አልጎዳኝም» አለች። ካርቶኑን አጥብቃ ያዘች። «እንዲህ ያለ እጅ ልጅ ሆኜም አይቻለሁ። የጎዳኝ ያንተ አፍ ነው። እዚያ ቁጭ ብለህ ስንት ቀን ‹እጅሽ ተአምር ነው› ስትለኝ… ቤትህ ስትገባ የምታፍርብኝ ኖሯል!»

«አላፍርብሽም! ወላሂ…»

«አትማል። ውሸት አይሆንልኝም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ካርቶኑን በሌላ መኪና ጫነችው።

ከዚያ በኋላ ዕቃዋ በሙባሪክ መኪና አልሄደም። ቶርኖ ቤቱ ሲሄድ ጋሽ ከማሉ በር ላይ ወጥተው፣ «ልጄ፣ ልታይህ አልፈለገችም። ምን ላድርግ?» ይሉታል። ከውስጥ ማሽኑ ሳያቋርጥ ይጮኻል። አታጠፋውም።

አረቅጥም ሰላም አልነበረም። ሸረፋ ሰምቶ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

«የወንድሜን ስም ልትቀብር ነው?» አለ።

«አጎቴ፣ ስሙን የቀበርኩት እኔ ነኝ» አለ ሙባሪክ። «እውነቱን ብናገር ኖሮ አንድ ሰው አይጎዳም ነበር። እሷ እንጨት ሠራተኛ ናት። እንደሷ ያለ ባለሙያ አላየሁም። ካላገባኋት ሌላ ሴት አላገባም።»

እናቱ የሁለቱንም ቃል ቁጭ ብላ ሰማች። 

መስከረም ሲጠባ ወልቂጤ ላይ የእጅ ሥራ ባዛር ተከፈተ። ባሂራ አንድ ጠረጴዛ ተሰጥቷት ማሰሮዎቿን ደረደረች። ሙባሪክ ሰምቶ ሄደ፤ ከሩቅ ሆኖ ሊያያት ብቻ ነበር። ሰው ከቧታል። አንዲት መምህርት ማሰሮውን እያዞረች፣ «ይሄ ሽቦ ከእንጨቱ ጋር አብሮ የበቀለ እኮ ነው የሚመስለው!» ትላለች። ባሂራ ታስረዳለች። ሙባሪክ እንደ ሌላው ተመልካች ቆሞ አፉን ከፍቶ ያያታል።

«ሙባሪክ!» የሚል ድምፅ ሰማ። አጎቱ ሸረፋ ነው፤ ከአገሩ ሰዎች ጋር ለገበያ መጥቶ ኖሯል። «ምን ታደርጋለህ እዚህ? ማናት እሷ?»

ከሸረፋ ጋር ያሉት ሰዎች ሙባሪክን ከልጅነቱ የሚያውቁት ናቸው። ሁሉም አዩት። ባሂራም ቀና አለች።

ሙባሪክ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ከጎኗ ቆመ። 

«ባሂራ ትባላለች» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ። «የጋሽ ከማሉ ልጅ፣ የቡታጅራዋ እንጨት ሠራተኛ። ይሄን ሁሉ የሠራችው በገዛ እጇ ነው። ነጋዴ ናት ብዬ ዋሽቼባታለሁ። የሚያሳፍረው ውሸቴ ነው። ላገባት እፈልጋለሁ። እሷ ግን ገና እሺ አላለችኝም፤ እውነቷን ነው!»

ከሰዎቹ አንዱ ሳቁን ዋጠ። መምህርቷ «ማሻአላህ!» አለች። ሸረፋ ፊቱ ጠቆረ።

«ከዛሬ ጀምሮ አጎት አለኝ እንዳትል» ብሎ ዞሮ ሄደ።

ሙባሪክ ሲሄድ አየው። ከፋው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እንደ አባት ያየው ሰው ነው።

«ባሂራ…» አለ።

«ለሰው ተናገርክ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ አላወረደችውም። «ለኔስ?»

«ይቅር በይኝ። ፈርቼ ነበር። አጎቴን ፈርቼ አንቺን ሸሸግሁ። ምክንያት የለኝም… ይቅር በይኝ ብቻ።»

ባሂራ አንድ ትልቅ ማሰሮ አንስታ እጁ ላይ አስቀመጠች። «ይሄን ለመምህርቷ መኪና ድረስ አድርስላት። እንዳትጥለው።» ሊሄድ ሲል ጠራችውና «እንዳታስጠግነውም» አለች።

ሙባሪክ እየሳቀ ነው የሄደው፤ እያለቀሰም ነው።

ሳምንት አልሞላም። ቡታጅራ ገብቶ መኪናውን አቁሞ ወደ ቶርኖ ቤቱ ሲሄድ ማሽኑ ይጮኻል። በሩ ላይ ደርሶ ደነገጠ። ውስጥ በርጩማ ላይ እናቱ ተቀምጣለች! በሌላ ሰው መኪና፣ ሳትነግረው ነው የመጣችው። ነጠላዋ ላይ ፍቅፋቂ ወድቋል፤ አላራገፈችውም። ዓይኗ ከባሂራ እጅ አይነቀልም። ባሂራ የመጨረሻዋን ጭረት አሳርፋ ሞተሩን አጠፋች።

«ይሄ ሁሉ ከዚያ ግንድ ወጣ?» አለች ከድጄ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«አላህ እጅሽን ይባርከው።» ከዚያ ልጇን አየችው። «መጣህ? እኔም ላያት መጥቼ ነው። ያን ቀን እጄን ነጥቄያታለሁ። እንቅልፍ ነሳኝ። እሷ ዓይኔን አይታ እውነቱን ነገረችኝ፤ የወለድኩት ልጄ ዋሸኝ። ከሁለታችሁ በማን ልፈር?»

ጋሽ ከማሉ ከጓሮ ገቡ። ምሳ ሰዓት ነበር። ገበታው ቀርቧል፤ ቆጮው ተቆርጧል፣ ጎመኑ ይጨሳል። ግን እንግዳዋን ብሉ ማለት ፈርተው ቆሙ። የሷ ወገን ሰው እሳቸው ቤት ቀምሶ አያውቅም። እምቢ ብትልስ?

ከድጄ ገባት። ተነሳች፤ እጇን ታጠበች።

«ጋሽ ከማሉ፣ እንግዳ እንዲህ ቆሞ ይቀራል እንዴ? ርቦኛል!»

ገበታው አጠገብ ተቀምጣ ቆጮ ቆረሰች፤ በጎመን ጠቀለለችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባሂራ ዘረጋች። ባሂራ ጎረሰች። ከዚያ ባሂራም ጠቀለለች። ከድጄ አፏን ከፈተች።

ጋሽ ከማሉ ፊታቸውን አዙረው በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከምሳ በኋላ ባሂራ ወደ ጓሮ ወጣች። ሙባሪክ ተከተላት። ግንዶች ተደርድረው በጥላ ሥር ይደርቃሉ።

«እናቴን እኔ አልላክኋትም» አለ።

«አውቃለሁ። ነግራኛለች።»

«አንቺ ባትፈልጊም…»

«ሙባሪክ።»

«አቤት።»

«አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ሰው ‹ሚስትህ ምን ትሠራለች?› ሲልህ…»

«ሌሊቱን ሙሉ አወራለታለሁ!»

ሳቀች። ከመናኸሪያው ቀን ወዲህ ደብቃው የነበረው ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «እንግዲያው ሽማግሌ ላክ» አለችው። «አባቴ እሺ ይላል። እኔም…»

«አንቺም?»

«እኔም እሺ ብያለሁ፣ ወሬኛ!»

ኒካው ጥር ላይ ሆነ። ሸረፋ አልመጣም። ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ሙባሪክ ደጋግሞ አይቶታል፤ ኢንሻአላህ አንድ ቀን ይላል እስከ ዛሬ። ሌላው ግን መጣ። ከአረቅጥ፣ ከወልቂጤ፣ ሰፍያ ከነደንበኞቿ፣ መምህርቷም ሳትቀር። ከድጄ እንደ ልጅ ስትጨፍር ዋለች።

እንግዳው ቀለል ሲል ሙባሪክ ከሙሽራዋ አጠገብ ተጠጋ። ቬሏን ትንሽ ገለጥ አድርጎ፣

«ባሂራ… ደስ ብሎሻል?» አላት።

«ደስ ብሎኛል» አለች። «ደክሞኛልም። ግን ከሁሉ በላይ… ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም!»

ሙባሪክ ተነስቶ ሰዉን እየሰነጠቀ ወደ ጓዳው ሮጠ። የክትፎውን ሳህን ራሱ ይዞ ሲመለስ ሴቶቹ «ሙሽራ እንዲህ ያደርጋል እንዴ?» ብለው ሳቁበት። እሱ አልሰማቸውም። ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሳ፣ ባሂራ ቬሏን በገዛ እጇ ገፍታ እየሳቀች ጠበቀችው።